ቦይ አትበለው

ለተወደድከው ወንድሜ ለዊልፍሬድ ስካመል፤

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ደረጃ ስወጣ ይጮህብኛል ያልከኝ የግራው ነበር የቀኙ? ባለቤትህን ኦሌናንስ ሳሉ ለቀቃት? ልጆችህስ፣ ፒተር ደህና ነው? የኒና ልጅስ ጥርስ አበቀለ? እናንተ ጋ በረዶው ሳይጀምር አይቀርም። በሬዲዮ ስለ ካናዳ ብርድ በተወራ ቁጥር ትከሻዬን የሚበርደኝ እኔ ነኝ። እኔ ከዳሌዬ በቀር ደህና ነኝ፤ ዳሌዬም ቢሆን ከእኔ ጋር መኖርን ለምዶታል። ዘንድሮ በጋው እሳት ነበር። ድንቹ ብይ አክሎ ቀረ፣ ፖሙ ግን ጣፈጠ። ድመቷ ሞተች፤ ሌላ አላመጣሁም፤ ራሷ የመጣች አንዲት ግን አለች።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ፤ የፈረምክበትም ወረቀት አብሮት። በር ላይ እንደ ቆምኩ አነበብኩት። «እህቴ፣ ፈርሚላቸውና ተገላገዪ፤ በስተርጅና ከአንድ ደረቅ ቦይ ጋር ምን ያታግልሻል» ብለሃል። በፍቅር እንደ ጻፍከው አውቃለሁ። ወጥ ቤቴ ውሃ የገባ ጊዜ ከማንም ይልቅ የተጨነቅከው አንተ ነህ፤ ያንን አልረሳም። ሌላውን ሁሉ ዋጥኩት፤ «ቦይ» የሚለው ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እነሱ ቢሉት የቢሮ ሰዎች ናቸው፣ አያውቁም ብዬ አልፈዋለሁ። አንተ ግን ቦርኑ ውስጥ፣ በዚያ እየደረቀ በሚመለሰው ጅረታችን፣ ዓሣ ስትይዝ ሱሪህን ቀደህ በአባታችን ቀበቶ የተገረፍክ ልጅ ነህ። አንተ እንዴት ቦይ ትለዋለህ? እንግዲህ ቁጭ ብለህ እያነበብክ ከሆነ እንደ ተቀመጥክ ስማኝ፤ አልፈርምም። አንተ ስለ ፈረምክ የምፈርም መስሎህ ከሆነም፣ ወይ ፍንክች!

እነሱ እንዴት አድርገው እንደ ነገሩህ አላውቅም፤ ስለዚህ ነገሩን ከእኔ ስማው። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ የቦርኑን መውረጃ በፍርስራሽ ሞልቶ፣ ከሥሩ ቧንቧ ቀብሮ፣ መንገዱን በላዩ ላይ ሊያሰፋ ነው። ለዚህ ደግሞ ደጁ ቦርኑን የነካ ሰው ሁሉ መፈረም አለበት። ቤታችን በአባታችን ኑዛዜ በሁለታችን ስም ስለሆነ ሁለታችንም ካልፈረምን የአንተ ብቻውን ምንም አያደርግላቸውም። ሰዉ ከግማሽ በላይ ፈርሞ ነበር። ጎረቤቴ ዶርካስ እንኳ ፈርማለች። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፣ ፈራች፤ አልፈርድባትም።

ጥፋቱ ደግሞ የራሳችን ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰው፣ ሚስተር ኦሊቨር ክሮል የሚባል አንገተ ረጅም፣ አምና ኦገስት ላይ ቦርኑን ሊያይ ይመጣል ተባለ። መንደሩ ሙሽራ የሚቀበል ይመስል ተተራመሰ። ቦርኑን በየዓመቱ የምንጠርግበት ቀን አንድ ወር ተኩል እየቀረው ሁሉም ማጭዱንና አካፋውን ይዞ ወረደ። እንግዳ ሊያየን ነው፣ እንዳንሰደብ ብለን፣ ከምንጩ ጀምሮ እስከ ወፍጮው ድረስ አንዲት ሳማ አላስቀረንም፤ ባልጩቱ ታጥቦ የተደፋ ሳህን እስኪመስል ጠረግነው። ሰውየው መጣ፣ አየ፣ «ውሃው የታለ?» አለ። ኢኖክ ታራንት፣ አባቱ እንደ ነበሩት እሱም ዛሬ የቦርኑ አለቃ ነው፣ «ተኝቷል» አለው። «መቼ ይነሳል?» ቢለው «ሲነሳ» አለው። ሰውየው አንገቱን ነቅንቆ መዝገቡ ላይ «የተተወ ደረቅ ቦይ» ብሎ ጻፈ። አረሙ ቢኖርበት ኖሮ ቢያንስ እርጥበት አለ ብሎ በጠረጠረ! እኛ ግን እንደ ሞኝ በንጽሕናችን ተቀበርን።

ወረቀቱ ዘንድሮ ሲዞር ከረመና ባለፈው ሳምንት፣ የሚካኤል በዓል ካለፈ በሁለተኛው ቀን፣ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ሚስተር ክሮል ካርታውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ በዘንግ እየጠቆመ «ይህ ቦይ» «ያ ቦይ» ይል ጀመር። ያስተማሩን ሚስ አይቪ ስትረተን በሕይወት አሉ፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ጆሯቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን ያው ነው። በከዘራቸው ወለሉን መቱና ተነሡ። «ልጄ፣ ስሙን አስተካክልና ቀጥል፤ ቦርን ነው» አሉት።

እሱም ተዘጋጅቶ መጥቶ ኖሯል። «መዝገበ ቃላት ተመልክቻለሁ፤ ቦርን ማለት ወሰን፣ ዳርቻ ማለት ነው ይላል። እንግዲህ የድንበር ቦይ ነው ማለት ነው» አላቸው። ዊልፍሬድ፣ ያን ጊዜ የሚስ ስትረተንን ፊት ብታየው የማባዛት ሰንጠረዥ የተሳሳትክበት ቀን ትዝ ይልህ ነበር። «እሱ ከፈረንሳይ የመጣ ሌላ ቃል ነው። መልካቸው ቢመሳሰልም ሞክሼዎች ናቸው እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። ሥጋ ሻጫችንም ስሙ ኦሊቨር ነው፤ እራትህን ሚስቱ ዘንድ ነው የምትበላው?» አሉት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሥጋ ሻጩ ከሁሉ አብልጦ ሳቀ።

ከዚያ እኛን ልጆች ሳለን እንዳስተማሩን አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተናገሩ። ቃሉ ከቤተ ክርስቲያናችን ደወል በዕድሜ ይበልጣል አሉ። ጥንት ባሕር ተሻግረው በጀልባ የመጡት ሰዎች ይዘውት የገቡት ነው፣ «ቡርና» ይሉት ነበር አሉ፤ ምንጭንም፣ ከምንጭ የሚወርደውንም ጅረት። እዚያ ማዶ የቀሩት ዘመዶቻቸው፣ ጀርመኖቹ፣ ዛሬም የጉድጓድ ውሃን የሚጠሩበት ቃል የዚሁ የእኛ ቃል ዘመድ ነው። ወደ ሰሜን ወደ ስኮትላንዶች ከወጣህ «በርን» ይሉታል፣ ለእነሱ ዓመት ከዓመት የሚወርድ ጅረት ነው። «እኛ የጠመኔ ኮረብታ ሰዎች ግን» አሉ ሚስ ስትረተን፣ «ሁልጊዜ ለሚፈሰው ሌላ ስም ነበረን፤ ብሩክ እንለው ነበር። ቦርንን ለዚህ ሄዶ ለሚመጣው አስቀረንለት። ሰው ስም የሚያወጣው የሚመጣውን ሲያውቅ ነው፤ ደረቅ ቢሆን ኖሮ ስም ባላወጣንለት።» እውነቴን ነው የምልህ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የሰማኋቸው። አንተ እዚያ «ክሪክ» እንደምትሉት ጽፈህልኝ ነበር። መልካም ስም ይሆናል፤ ግን ይኼንን ሁሉ ዘመን አልተሸከመም።

ሚስተር ክሮል ፈገግ አለ። «ቃሉ ያረጀ ይሁን» አለ፣ «ያረጀው ውሃ ግን ሚስ ስካመል ወጥ ቤት ገብቷል። ምድጃዋን አጥፍቷል። ነገ የሚገባው የማን ልጆች መኝታ ቤት ነው?» ዶርካስ ወለሉን ታይ ጀመር። ሰዉ ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ፤ አዘነልኝ እኮ! ያ ሐዘኔታቸው ነው አንጀቴን የቆረጠው። ምክንያቱም ያልነገርኳቸው ነገር ነበር፣ ለአንተም ያልነገርኩህ። አሁን ልንገርህ።

አባታችን ሲሞቱ ቦርኑ ላይ ይጠርጉት የነበረው ድርሻቸው ለሁለት ተከፈለ። ከአጥሩ እስከ ፖም ዛፉ የእኔ፣ ከፖም ዛፉ እስከ ድልድዩ የአንተ። ድንጋይ ተተከለልህ፤ የስምህ መነሻ ፊደል ወደ ውሃው ዞሮ ተቀረጸበት። ሕጉን ታውቀዋለህ። እያንዳንዱ ድርሻውን በገዛ እጁ ይጠርጋል፤ በሩቅ ያለ ሰው በየዓመቱ ቃል ልኮ ወኪል ያቆማል። እጅም ቃልም ከሌለ ድንጋዩ ይነቀላል፣ ፊደሉ ወደ አፈር ዞሮ ይተከላል፣ ድርሻው ለጎረቤት ይሰጣል። አንተ ለቀብር አልመጣህም፤ ድርቅና ዕዳ ይዞህ ነበር፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ቃል ግን አላክህም። እኔም አለቆቹን፣ መጀመሪያ የኢኖክን አባት፣ ኋላም ኢኖክን፣ «ዊልፍሬድ ጽፎልኛል፣ ስለ እኔ ጥረጊልኝ ብሏል» አልኳቸው። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። ሃያ አምስት ዓመት፣ ዊልፍሬድ! ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ከአፍህ ያልወጣ ነገር እየፈጠርኩ፣ አንዳንዴም ሰላምታ እየጨመርኩበት። አንድ ዓመት እንዲያውም ኢኖክን ስለ አስሙ ጠየቅከው፤ ደስ አለው።

የዛሬ ሁለት ዓመት መከር ላይ ዳሌዬ አልጋ ላይ ጣለኝ። ከአልጋ ስነሣ የእኔን ድርሻ እየዳኸሁ ጠረግኩ፤ ለአንተ ግን ጉልበት አልተረፈኝም። ሰው ጥረጉልኝ ማለት ነበረብኝ። እንዲያ ማለት ደግሞ ወንድሜ ቃል አላከም ማለት ነው፣ አይመጣም ማለት ነው። አፌ እንቢ አለኝ። ሳማውና የወደቀው የአኻያ ቅርንጫፍ እንደ ሞላብህ ክረምቱ ገባ፤ ፌብሩዋሪ ላይ ውሃው ሲነሳ የአንተ ድርሻ ላይ ደርሶ ተገታ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ በወጥ ቤቴ በር ገባ። ቦርኑ በደለኝ? አልበደለኝም። መንገዱን ዘግተንበት ሌላ መንገድ ፈለገ። አምና ጠረግኩልህ፤ ውሃውም በመንገዱ ሄደ፣ ማንንም አልነካም።

ይህንን ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ተናገርኩት። «ወጥ ቤቴን ያጥለቀለቀው ቦርኑ አይደለም፣ የእኔ ውሸት ነው። በእኔ ስም ቧንቧ እንዳትቀብሩ» አልኩ። ዶርካስ ተነሣች፣ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ «ስሜን መልስልኝ» አለችው ሚስተር ክሮልን። አይመለስም ቢላት እርሳሱን ከእጁ ላይ ነጥቃ ራሷ ሰረዘችው። ከእሷ በኋላ የተሰለፉትን ብታይ! ሰውየው ካርታውን ሲጠቀልል «በፌብሩዋሪ ተመልሼ አያለሁ፤ ውሃ አንድ ቤት ቢገባ ወረቀቱ እንደገና ይዞራል» አለ። ይዙር።

ኢኖክ ግን አላጨበጨበልኝም። በር ላይ ጠብቆ ያዘኝ። «ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ዋሸሽን?» አለኝ። «ዋሸኋችሁ» አልኩት። «በዚህ ፊትሽ?» «ሌላ ፊት የለኝም።» «ስለ አስሜ የጠየቀኝስ?» አለ። እሱን ስል ግን አፈርኩ። «እሱም እኔ ነኝ» አልኩት። ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠረጋው ሆነ። ሁሉም ድርሻ ድርሻው ላይ ወረደ፣ የፖሙ መጠጥ ሳይደሩም፣ ከምድጃ የወጣው ፓይም እንደ ወትሮው መጣ። እኔ የእኔን ጨረስኩ። እኩለ ቀን ላይ ኢኖክ ዲጂኖውን ይዞ ወደ አንተ ድንጋይ ሲሄድ አየሁት። ቀድሜው ሄድኩና ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩበት። «ተነሺ» አለኝ። «አልነሣም።» «ሄስተር፣ ሕግ ነው።» «ሕጉን ካንተ ባላነሰ አውቀዋለሁ። ውሃው እስኪነሳ ድረስ የባለቤቱ እጅ ይጠበቃል ይላል።» «የማን እጅ? ያ ልጅ ከሄደ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው! ዳሌሽንም ብርድ ያስመታሻል፣ ተነሺ።» «ዳሌዬ ተመችቶታል» አልኩት። ሰዉ አካፋውን ተደግፎ ያይ ነበር፤ አንዱ እንዲያውም ፓይ አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። በመጨረሻ ኢኖክ ዲጂኖውን መሬት ላይ ተክሎ ተነፈሰ። «እሺ። ውሃው እስኪነሳ። ግን ማንም አይነካውም፣ አንቺም ጭምር። በውሸት የተጠረገ ይበቃል። የሚረጥበውም የአንቺ ወጥ ቤት ነው» አለኝ። ተስማማሁ፤ በመንደሩ ሰው ሁሉ ፊት እጁን ጨበጥኩት።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ሳማህ ወገቤ ድረስ ደርሷል፣ አኻያውም ሁለት ቅርንጫፍ ጥሎበታል። ከጃንዩዋሪ አጋማሽ በኋላ ውሃው ይነሳል። ኢኖክ ድንጋዩን ያዙረውና ጎረቤት ጠርጎልሽ በደረቅ ወጥ ቤትሽ ኑሪ፣ ለቦርኑም ይሻለዋል ትለኝ ይሆናል። ዶርካስም ብላኛለች፣ የልጆቿን ነገር ስታስብ እውነቷን ነው፤ ሌሊት ስነቃ እኔም ይጨንቀኛል። ግን ፊደልህን በእጄ ወደ አፈር አላዞርም። ከፖም ዛፉ እስከ ድልድዩ አንድ ሰው አለን ስል ኖሬ፣ የለንም ብዬ አልሞትም። ዱቄቱን ላይኛው መደርደሪያ ላይ አውጥቻለሁ፣ ምንጣፉን ጠቅልያለሁ። ውሃው ከመጣና አንተ ካልመጣህ፣ ጫማዬን አውልቄ እቀበለዋለሁ።

ቃል ልላክ ብለህም እንዳትጽፍልኝ። ኢኖክ ሕጉ ስለሆነ ይቀበልህ ይሆናል፤ እኔ አልቀበልህም። የአንተን ደብዳቤ ሃያ አምስት ዓመት ጽፌያለሁ፣ ደከመኝ። አምና የኦሌናን እህት ለማየት እስከ ቫንኩቨር ሄዳችኋል፤ ጉልበትህ ያን ጊዜም ይጮህ ነበር። ከሃሊፋክስ መርከብ አለ፤ ዲሴምበር ላይ ብትሳፈር ገናን ከእኔ ጋር ትውላለህ። ማጭድህ አባታችን በሰቀሉበት ቦታ ተሰቅሏል። ትናንት አወረድኩት፣ ዝገቱን ፈገፈግኩ፣ ሳልኩት፤ መልሼ ሰቀልኩት። እጀታው ላይ በቢላዋ የጫርከው አሁንም አለ።

የፈረምክበትን ወረቀት መልሼልሃለሁ። ከውስጡ የጠቀለልኩት ባልጩት ከድርሻህ መሐል ያነሣሁት ነው፤ ኢኖክ እያየኝ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ለማስመዘን ብወስደው የፖስታ ቤቷ ሴት «ይኼ ምንድን ነው፣ ድንጋይ ነው እንዴ?» አለችኝ። አዎን፣ የወንድሜ ነው አልኳት።

ኦሌናን ግንባሯን ሳምልኝ፤ ለሳሉ ማርና ትኩስ ወተት ትጠጣ። ፒተር ይህንን የአባቱን አገር አንድ ቀን እንዲያየው እፈልጋለሁ፤ ካንተ ጋር ቢመጣ ሁለተኛ ማጭድ አይጠፋም። ኒናን እስከ ልጇ እቅፍ አድርግልኝ፤ ለሕፃኑ የምሠራው ሹራብ እየደረሰ ነው፣ አንድ እጅጌ ቀርቶታል። ከዚህ በኩል ሚስ ስትረተን ሰላም ብለውሃል፤ ቃሉን እንዳትረሳ አደራ ብለዋል። ዶርካስና ልጆቿ ደህና ናቸው። ኢኖክ ሰላምታ አላከም። ግን ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በየትኛው መርከብ ነው የሚመጣው ብሎ ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩት። ከሃያ አምስት ዓመት ወዲህ ስለ አንተ የነገርኩት የመጀመሪያው እውነት ነው።

ከእንግዲህ በስምህ የማትዋሽልህ እህትህ፣
ሄስተር ስካመል

ኤልስቦርን፣ እንግሊዝ አገር
ኦክቶበር 11 ቀን 1959